ከ‹ገጠመኝ› እስከ ‹ገጠምኩ›

‹ገጠመኝ› ዛሬ ስም ነው። ‹አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ› እንላለን፤ ‹ገጠመኞች› ብለን እናበዛዋለን፤ ጋዜጣው የዓምድ፣ ሬዲዮው የዝግጅት መጠሪያ ያደርገዋል። ሲፈቱት ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ይገኛል። ግሥ አለው፤ ‹ገጠመ›። ባለቤት አለው፤ ስሙ ያልተጠራው ‹እሱ›። ተሳቢም አለው፤ ጫፉ ላይ በ‹ኝ› የተቀመጥኩት እኔ። አንድ ነገር መንገድ ላይ አገኘኝ፣ ተገናኘኝ ማለት ነው። ዓረፍተ ነገሩ ውሎ አድሮ ደረቀና ስም ሆነ፤ ‹ኝ› ግን ከውስጡ አልወጣችም። ስለዚህ ‹ገጠመኜ› የሚል ሰው ራሱን ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ ተሳቢው ‹ኝ› እና አገናዛቢው ‹ኤ› በአንዲት ‹ኜ› ላይ ተደራርበዋል። ‹ገጠመኝህን ንገረኝ› ሲባል ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የገጠመው አንተን፣ ቃሉ የሚለው ‹እኔን›።

እንዲህ ሰው በውስጣቸው እንደያዙ የደረቁ ቃላት አማርኛ ሌሎችም አሉት። ‹ይግባኝ› ‹ይግባ› እና ‹ኝ› ነው፤ ችሎት ፊት የተሰማ ጩኸት የሕግ ቃል ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ ጠበቃው ‹ይግባኙ ውድቅ ተደረገ› ሲል የጮኸውን ሰው አያስበውም። ‹እንቆቅልሽ›ም እንዲሁ ነው። ለወንዱ ‹እንቆቅልህ›፣ ለሴቷ ‹እንቆቅልሽ› እየተባለ በጨዋታ ላይ የሚወረወረው ጥሪ ራሱ የጨዋታው ስም ሆነ፤ ፊት ለፊት የተቀመጠችው ልጅም በ‹ሽ› ውስጥ እንደተቀመጠች ናት።

‹ገጠመኝ› ግን ከእነዚህ የሚለይበት ነገር አለ። አማርኛ በሰው ላይ የሚደርሰውን ሁሉ የሚናገርበትን መንገድ ይዟል። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ አመመኝ፣ ናፈቀኝ፣ ከፋኝ፣ ገረመኝ። በእነዚህ ሁሉ ሠሪው ረሃቡ፣ ጥማቱ፣ ናፍቆቱ ነው፤ ሰውየው ተቀባይ ነው። ሕይወት ግሡን ትይዛለች፣ እኔ ቅጥያው ላይ እንጠለጠላለሁ። ሰዋስው ብቻ ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን የራሱን ኑሮ ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጋጨው ከዚህች ‹ኝ› ጋር ነው ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ግሡ እንመለስ። ‹ገጠመ› ሰፊ ቤተሰብ አለው። ሁለት ነገር አፍ ለአፍ ሲገናኝ ገጠመ ይባላል፤ የበር ሳንቃ ከመቃኑ ይገጥማል፣ ጦር ከጦር ይገጥማል። ‹ግጥሚያ› ከዚያ ነው፤ ኳስ ሜዳ ላይ የሚደረገውም የድሮው የጦር ሜዳ ቃል ነው። የተፈታታ ነገር ሲሰበሰብ ‹ተገጣጠመ›፣ ሳይታሰብ ሁለት ጉዳይ ሲገናኝ ‹ግጥምጥሞሽ›። የድስት መክደኛ ‹ግጣም› ይባላል፤ ‹ድስት ግጣሙን አያጣም› የምንለው ስለ ባልና ሚስት ነው። አዳራሹ ግጥም ብሎ ይሞላል፤ ጠጪው ብርጭቆውን ግጥም አድርጎ ይጨልጣል፤ እዚህ ላይ ‹ጥ› ይጠብቃል። ሲላላ ደግሞ የምናውቀው ግጥም ይሆናል፦ ስንኝ ከስንኝ፣ ቤት ከቤት፣ ቃል ከዜማ የሚገናኝበት። ትግርኛም ‹ግጥሚ› ይለዋል።

እንግዲህ የደረሰብኝ ነገር ‹ገጠመኝ› ነው፣ ከእሱ የምሠራው ነገር ‹ግጥም› ነው፣ ሥራው ‹ገጠምኩ› ይባላል። ሦስቱም አንድ ግሥ ናቸው። በ‹ገጠመኝ› እና በ‹ገጠምኩ› መካከል የተለወጠው ጫፏ ብቻ ነው፤ ‹ኝ› ሄዳ ‹ኩ› መጣች። ተሳቢ የነበረው ባለቤት ሆነ። ኑሮን ወደ ድርሰት መለወጥ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ካለ አማርኛ መልሱን በአንዲት ቅጥያ አስቀምጦለታል።

ይህን የምለው መዝገበ ቃላት ገልጬ ብቻ አይደለም። ቦምቤ ላይ አማርኛ ሳስተምር ብዙ የተማሪ ጽሑፍ አርሜአለሁ። ቦምቤ የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከወላይታ ሶዶ ወዲያ፣ እንሰትና ቦይና (ጎደሬ) የሚበዛበት፣ ለብዙ ዘመን ደግሞ ዝንጅብል የገበሬው የጥሬ ገንዘብ ምንጭ የነበረበት አገር። ዝንጅብል ነው ለልጅ ደብተር የገዛው፣ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰው። በ2004 ዓ.ም. ግን የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ገባና በወላይታና በከምባታ በኩል ያለውን ማሳ ጠራርጎ ወሰደው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ‹በሕይወታችሁ የማትረሱትን ገጠመኝ ጻፉ› ብዬ ባዘዝኩ ቁጥር ዝንጅብሉ ተመልሶ ይመጣ ነበር።

አንደኛው ልጅ መጀመሪያ የጻፈው እንዲህ የሚል ነበር፦ ከባድ ችግር ገጠመን፣ ብዙ ሐዘን ደረሰብን፣ ኑሮ ከበደን፣ እግዚአብሔር ግን ረዳን። ስሕተት የለበትም። ሰዋስዉም ደህና ነው። ግን ከቦምቤ አንሥቶ ጎንደር ወይም ሐረር ቢያስቀምጡት አይለይም፤ ሁሉም ግሥ በ‹ን› አልቋል፣ አንድም ሰው እጁን አላነሣም። በሽታው ሲገባ ማሳው ላይ ማን እንደነበረ፣ ምን እንዳደረገ ጠየቅኩት። አባቱ እንደነበሩ ነገረኝ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተጠቅልሏል፤ አባትየው ግንዱን ያዝ አድርገው ሳብ ሲያደርጉት ያለ ምንም ትግል ከሥሩ ተመዝዞ እጃቸው ላይ ቀረ። ደህና ዝንጅብል እንደዚያ አይነቀልም፤ ይታገላል። የተመዘዘበትን ቦታ አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት፤ ይሸታል። ከዚያ ሁለተኛውን ሳቡ፣ ሦስተኛውን ሳቡ። ልጁም ከኋላ ሆኖ አንዱን ሳበ፤ እሱም ወጣ። አባትየው ዞር ብለው ‹አንተ አትንካ› አሉት፤ እሱ ይህን እስከነገረኝ ዕለት ድረስ ያን ማሳ የገደለው የእሱ እጅ ይመስለው ነበር።

‹ይህንን ጻፈው› አልኩት። ጻፈው። ‹ሳብኩት› የሚል ግሥ ገባበት። ችግሩ ያው ነው፣ ዝንጅብሉ ያው ነው፣ ልጁ ግን ከ‹ኝ› ወደ ‹ኩ› ተሻገረ። እኔ ከዚያ በፊት ተማሪዎቼን ‹ስሜታችሁን ግለጹ› እያልኩ አደክም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው ግሡ ማንን ባለቤት እንዳደረገ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ መሥሪያ ቤቶቻችን ለዚህ ሁሉ ሌላ ቃል አላቸው። ‹ተሞክሮ›። ምርጥ ተሞክሮ ይቀመራል፣ ይሰፋል፣ ለሌላው ወረዳ ይተላለፋል። ቃሉን ስብሰባ አድክሞታል፤ ዘሩ ግን ያማረ ነው። ‹ሞከረ› ከሚለው ነው። ግእዙ ‹አመከረ› ይላል፣ ፈተነ ማለት ነው፤ ‹መከራ›ም የዚያው ግሥ ልጅ ነው፣ መጀመሪያ ትርጉሙም ፈተና። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ ‹ተሞክሮ› እና የገበሬው ‹መከራ› ወንድማማች ናቸው፤ አንዱ በፓወር ፖይንት ይቀርባል፣ ሌላው ማሳ ላይ ቀርቷል። ‹ምክር› የሚለው ‹መከረ› ከሌላ ሥር የመጣ፣ በድምፅ ብቻ የተመሳሰለ ነው፤ ተናጋሪው ሕዝብ ግን መመሳሰሉን ዝም ብሎ አላለፈውም፤ ‹ምከረው ምከረው፣ እምቢ ያለውን መከራ ይምከረው› ብሎ ሁለቱን በአንድ ምሳሌ አጋባቸው። የቃላት ዘር የሚቆጥር ሰው ‹ዝምድና የላቸውም› ብሎ ሊያፋታቸው ይችላል። ምሳሌው ግን ከመዝገበ ቃላቱ በፊት ነበረ።

ተመሳሳይ ወጥመድ ‹ደራሲ› ላይም አለ። ‹ደረሰ› ብለን ስንጽፍ ሁለት ግሥ በአንድ ልብስ ይወጣሉ። ‹ይደርሳል› ‹ር› ሲላላ መንገደኛው ነው፤ ‹ር› ሲጠብቅ ጸሐፊው ነው። ግእዝ ለመንገደኛው ‹በጽሐ› የሚል የራሱ ቃል ስላለው ግራ አይጋባም፤ ‹ደረሰ› ለእሱ መተርጎም፣ ማብራራት፣ ድርሰት ማዘጋጀት ነው። ‹ድርሳን› ከዚያ ነው፤ ‹ድርሰት›ም። የዕብራይስጥ ‹ዳራሽ› እና የዓረብኛ ‹ደረሰ› ዘመዶቹ ናቸው፤ የመጀመሪያው መርምሮ መፈለግ፣ ሁለተኛው ማጥናት ነው። የእስልምና ትምህርት ቤት ‹መድረሳ› የሚባለውም ከዚሁ ነው፤ ስለዚህ ደብር ውስጥ ድርሳን የሚያነበው ዲያቆንና መድረሳ የሚገባው ሕፃን ሳያውቁት አንድ ሥር ይቆፍራሉ። ከዚህ የምንረዳው ደራሲ መጀመሪያ ፈጣሪ ሳይሆን መርማሪ እንደነበረ ነው። የያዘውን ነገር ይመረምራል፣ ይፈታል፣ ያብራራል። ‹የደረሰብኝን ደረስኩት› ማለት እንግዲህ የቃል ጨዋታ ይመስላል እንጂ ጥሩ የሥራ ዝርዝር ነው፦ መጀመሪያ ላላው ይምጣ፣ ከዚያ ጥብቁ ይከተል።

ይህን ሥራ በአማርኛ ከሠሩት ውስጥ ሐዲስ ዓለማየሁን የሚያህል ምሳሌ አላገኝም። ጎጃም ተወለዱ፤ በደብረ ኤልያስ፣ በዲማና በደብረ ወርቅ የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ዋናው ገጸ ባሕርይ በዛብህ ያንኑ የቆሎ ተማሪ ዓለም ይዞ ዲማ ይገባል። በዛብህ ሐዲስ አይደለም፤ የሐዲስ እግር የረገጠውን ግን ይረግጣል። መጽሐፉን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያዳመጠ አገር፣ ደብር ገብቶ የማያውቀው ጭምር፣ የቆሎ ተማሪን ረሃብ ያወቀው በዚያ መንገድ ነው። እኚሁ ሰው በጣሊያን ወረራ ዘመን ተማርከው ለዓመታት ኢጣሊያ ታስረዋል። ያንን ግን በልብ ወለድ አላለበሱትም፤ በ1985 ዓ.ም. በስሙ ጠሩትና ‹ትዝታ› አሉት።

አመራረጣቸውን ልብ በሉ። ‹ማስታወሻ› ማለት ይችሉ ነበር። ‹ማስታወሻ› ‹አስታወሰ› ከሚለው ነው፤ ሰው ሆን ብሎ የሚያደርገው ሥራ፣ እንዳይረሳ የሚቋጠር ክር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ በርእሱ ላይ በኋላ ጊዜ ለሚነሡ ልጆች ‹ማስታወሻ› መሆኑን ይናገራል፤ ተቀባዩም ዓላማውም ተጠርቷል። ‹ትዝታ› ግን ‹ትዝ አለኝ› ነው። እንደገና ያቺ ‹ኝ›። ትዝታን ሰው አይጠራውም፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲመጣም ቅኝቱን ይዞ ነው የሚመጣው። የሰባ የሰማንያ ዓመት አዛውንት የእስር ዘመኑን ‹ትዝታ› ሲለው፣ ያ ጊዜ አሁንም በእኔ ላይ ባለቤት ነው እያለ ይመስለኛል።

‹የሕይወት ታሪክ› ስለሚባለው አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ‹ታሪክ› ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ እዚያም ሥሩ ጨረቃንና ወርን ከሚጠራው የሴም ቃል ይመዘዛል፣ ከእኛው ‹ወርኅ› ጋር ዘመድ ነው። ቀን መቁጠር ማለት ነበር። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ግን ‹የሕይወት ታሪክ› የሚለውን ሐረግ መጀመሪያ የሚሰማው መጽሐፍ ላይ ሳይሆን ቀብር ላይ ነው። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በዚህ ዘመን በዚህ ስፍራ ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው። ጽሑፉን የሚያነበው ሌላ ሰው ነው፣ ባለታሪኩ ሣጥን ውስጥ ነው። በቁሙ የራሱን የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው በእኛ ዘንድ ትንሽ የሚቀፍ ነገር የሚኖረው ለዚህ ይመስለኛል። ‹ፋቡላ› በሚባለው ተውኔታቸው የዘመናዊ ድራማችን ጀማሪ የሆኑት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት፣ ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው መጽሐፍ ርእሱ ‹ኦቶባዮግራፊ› ነው፤ ‹የሕይወቴ ታሪክ› ከጎኑ በቅንፍ ተጨምሯል። ‹ግለ ታሪክ› የሚለው ዛሬ ገበያው ላይ የበዛው ቃል ከቀብሩ ጽሑፍ ሊለይ የመጣ ይመስለኛል፤ ጥሩ ቃል ነው፣ በርትቶ ይኑር።

ወላይታ ላይ ግን ሰው የራሱን ኑሮ በአደባባይ መናገርን ከመጽሐፍ አልተማረም። የተማረው ከምስክርነት ነው። በ1920ዎቹ መባቻ የመጡት ሚሲዮናውያን በጣሊያን ወረራ ጊዜ አገሩን ለቅቀው ሲወጡ የተውት የምእመናን ቁጥር ጥቂት ነበር፤ ሲመለሱ ያገኙት ብዙ ሺሕ ነበር። ያን ያስፋፋው በመንደር፣ በለቅሶ ቤት፣ በገበያ ዳር ቆሞ ‹እንዲህ ነበርኩ፣ እንዲህ ሆንኩ› የሚል ተራ ገበሬ ነው። ምስክር በወላይትኛ ‹ማርካ› ይባላል። ግእዝ ደግሞ ምስክሩን ‹ሰማዕት› ይለዋል፤ ‹ሰምዐ› ከሚለው፣ የሰማ ማለት ነው፤ ቃሉ በእምነቱ ለሞተ ሰው የተሰጠው በኋላ ነው፤ ግሪኩም ምስክርንና ሰማዕትን በአንድ ቃል ይጠራል።

ምስክርነት ለጸሐፊ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ‹እኔ› ብሎ መጀመርን ያስተምራል፤ ከሰው ፊት መቆምን ያስተምራል፤ ዘመንንና ቦታን መጥራትን ያስተምራል። ጉዳቱም እዚያው ነው። ቅርጹ አስቀድሞ ያለቀ ስለሆነ መካከሉ ይጣደፋል። ተናጋሪው መድረሻውን ስለሚያውቅ መንገዱ ላይ አይቆምም። የዝንጅብሉ ልጅ የመጀመሪያ ጽሑፍ በአራተኛው ዓረፍተ ነገር ‹እግዚአብሔር ግን ረዳን› ያለው ውሸት ስለነበረ አይደለም፤ ቶሎ ስለደረሰ ነው። የኦርቶዶክሱ ‹ገድል›ም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ‹ተጋደለ› ከሚለው የመጣ ነው፤ ትግሉ ስሙ ላይ አለ፣ አሸናፊው ግን ከመጀመሪያው ገጽ ይታወቃል። ዓለማዊው ድርሰት ከሁለቱ የሚለየው አሸናፊው ሳይታወቅ መቆየት በመቻሉ ነው።

ወላይትኛ በራሱ ለዚህ ሥራ ምን ቃል አለው? ለመንገር ‹ኦድ› የሚል ሥር አለው፤ ለወግና ለንግግር ‹ሃሳያ›፤ ለምሳሌያዊ አነጋገርና ለተምሳሌት ‹ሌሚሶ›። መጻፍ ሲመጣ ግን ‹ጻፍ› ይላል፣ መጽሐፉንም ‹ማጻፋ›፤ ሁለቱም ከእኛው ‹ጻፈ› እና ‹መጽሐፍ› የተወሰዱ ናቸው። መንገሩ ከቤት ነው፣ መጻፉ ከውጭ ነው። ይህ የወላይትኛ ብቻ ዕጣ አይደለም፤ ጀርመንኛን ጨምሮ ብዙ ቋንቋ የጽሕፈት ቃሉን ከጎረቤት ተበድሯል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛ፣ ከትግርኛና ከሶማልኛ ጋር ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ አምስት ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር፤ ያኔ በግእዝ ፊደል፣ ዛሬ በላቲን ይጻፋል። አንዲት አያት ስሟን በአንዱ ፊደል ተምራ የልጅ ልጇ ደብተር ላይ ያለውን ማንበብ የማትችልበት ቤት ቦምቤም ሶዶም ሞልቷል።

የቃል ታሪክ ሲነሣ ደግሞ ‹ወጋጎዳ›ን መዝለል አይቻልም። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮ፤ የአራቱን የመጀመሪያ ድምፅ ቆርጦ በመቀጠል ቢሮ ውስጥ የተሠራ ስም ነው። ስሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ፤ የተዳቀለ የመማሪያ ቋንቋ ሆኖ በመጽሐፍ መልክ ትምህርት ቤት መጣ። በ1991 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፣ ሰው ሞተ፣ መምህራን ታሰሩ፣ መጻሕፍቱም ቀሩ። ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ቋንቋ አዋቂዎች አራቱ ቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን ሊያስረዱ ይችላሉ፤ እውነት ነው። ግን ‹ወጋጎዳ› በሚባለው ቋንቋ ማንም አልተወለደም፣ ማንም አላለቀሰም፣ ማንም ልጁን አልተቆጣበትም። ገጠመኝ የሌለው ቃል ነበር።

ከዚህ ጋር ሳነጻጽረው ‹ኦሮማይ› ይደንቀኛል። በዓሉ ግርማ በ1974 ዓ.ም. ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ሄደ፤ ያየውን በ1975 ዓ.ም. ልብ ወለድ አድርጎ ሲያወጣው ለርእስ የመረጠው የአሥመራን የመንገድ ቃል ነው። ‹ኦሮማይ› የጣሊያንኛው ‹ኦራማይ› ነው፤ ‹እንግዲህ፣ ከእንግዲህ ወዲያ› ማለት። ጣሊያን ሲወጣ ቃሉ ቀረ፤ የከተማው ሰው ‹አበቃለት፣ አለቀ፣ ተስፋ የለውም› ለማለት ይጠቀምበት ጀመር። ቅኝ ገዢው ጥሎት የሄደ ቃል በተገዢው አፍ ምሬት ሆኖ በሰለ። ሊስትሮ የሚለውም ከጣሊያንኛው የማንጸባረቅ፣ የመወልወል ቃል የመጣ ነው፤ እሱ ደግሞ ወደ ደቡብ ወርዶ ሳጥኑን አንግቶ አዲስ አበባ የሚወጣ የብዙ የወላይታ ልጅ የመጀመሪያ የሥራ መጠሪያ ሆኗል። በዓሉ ‹ኦሮማይ›ን ከመንገድ አንሥቶ ሽፋን ላይ ሲያኖረው ዘመቻውን በአንድ ቃል ፈረደበት። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከመሸጫ ተሰበሰበ፤ እሱ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ይህ ሰው ‹ልብ ወለድ ነው› ብሎ መከላከል አልቻለም። ቃሉ ራሱ የሚከላከል ቃል አይደለም። በአነጋገራችን ‹ተው ይሄ ልብ ወለድ ነው› ማለት ‹ዋሽተሃል› ማለት ነው። መነሻው ግን እንዲህ አልነበረም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው፣ ኋላ በዋና ገጸ ባሕርይዋ ስም ‹ጦቢያ› ተብሎ የታወቀው መጽሐፍ ርእሱ ‹ልብ ወለድ ታሪክ› ነው። ልብ የወለደው ታሪክ። በግእዙም በአማርኛውም ልብ የስሜት ብቻ ማደሪያ አይደለም፤ ‹ልብ አለው› አስተዋይ ነው፣ ‹ልብ በል› አስተውል ነው፣ ‹ልባም› ብልህ ነው። በወላይትኛም ልብ፣ ‹ዎዛና›፣ የሐሳብ ማደሪያ ነው። ስለዚህ ልብ ወለድ ማለት ማስተዋል የወለደው ማለት ነው እንጂ አየር ላይ የተፈጠረ ማለት አይደለም። ‹ፈጠረ› አላለም፤ ‹ወለደ› ነው ያለው። የሚወለድ ነገር ደግሞ አስቀድሞ ይፀነሳል፤ ከሌላ አካል፣ ከውጭ የሚመጣ ነገር ያስፈልገዋል። ያ ከውጭ የሚመጣው ነው ገጠመኝ የሚባለው።

ከዚህ በመነሣት አንድ አስተያየት ልስጥ። በየመጽሔቱ ‹እውነተኛ ገጠመኝ› ተብሎ የሚታተመው አብዛኛው ጽሑፍ ገና አልተወለደም። ነገሩ ደርሷል፣ ጸሐፊው ግን አልደረሰም፤ ‹ኝ› ላይ ቆሟል። ‹ልብ ወለድ› ተብሎ የሚታተመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልተፀነሰ ነው፤ የገጠመው ነገር የለም፣ ከፊልም የተቀዳ ፍቅርና ከጋዜጣ የተቀዳ ግድያ አለ። ሕይወት ተፈራ የወጣትነቷን የኢሕአፓ ዘመን ‹ማማ በሰማይ› ውስጥ ስትጽፍ አንባቢ የተሻማበት ምክንያት ፖለቲካው ብቻ አይመስለኝም። በግሦቿ ላይ ባለቤት መሆኗ ነው። የወደደች፣ የፈራች፣ ያመነች፣ የተጠራጠረች ሴት አለች፤ ዘመኑ የገጠማት ብቻ አይደለችም።

ለቦምቤና ለሶዶ አንባቢዎች የተለየ ጥያቄ አለኝ። በቦሎሶ፣ በዳሞት፣ በኪንዶ በኩል ያሉ ሽማግሌዎችና እናቶች በራሳቸው ላይ የደረሰውን ሲናገሩ፣ ተረት ሲያወጡ፣ ለቅሶ ላይ የሟችን ሥራ ሲያነሡ ለእያንዳንዱ የአነጋገር ዓይነት የሚሰጡት ስም አለ። እነዚህን ቃላት ጻፉልን። ቃሉን ብቻ አትላኩ፤ የተናገረው ሰው የተናገረበትን ዓረፍተ ነገር ከነግሡ፣ ከነቅጥያው ላኩት።